መልስ፦ ከኮምቦልቻ ተመርቆ መርከብ ላይ

ወንድሜ፣ «ከኮምቦልቻ በመካኒካል ተመረቅኩ፤ ባሕር አይቶ የማያውቅ የደሴ ልጅ መርከብ ላይ መሥራት ይችላል ወይ?» ላልከው፣ በደንብ ይችላል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የማሪታይም ማሠልጠኛ የሚቀበለው እንዳንተ ያለ የመካኒካልና የኤሌክትሪካል ምሩቅ ነው።

ዲግሪው ብቻውን ግን መርከብ ላይ አያወጣህም። የእሳት ማጥፋትና የሕይወት አድን ስልጠና፣ የጤና ምርመራ፣ ከዚያም ባሕር ላይ ልምምድ አለ። ዓይንህን ከወዲሁ አስመርምር። ቀለም መለየት የሚያስቸግርህ ከሆነ ብር ሳታወጣ ብታውቀው ይሻላል።

አሁን መርከቦች ወደ ሜታኖል (የአልኮል ዓይነት ነዳጅ) እና ባትሪ እያዘነበሉ ነው። ስለዚህ ኤሌክትሮኒክስ ጨምርበት። የመርከብ ኤሌክትሪክ መኮንንነት እኮ ራሱን የቻለ ዓለም አቀፍ የምስክር ወረቀት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፤ ወረቀቱ ገና አዲስ ነው። እንግሊዝኛህንም አሹል፤ ሞተር ክፍል ውስጥ ከፊሊፒኖውም ከህንዱም የምትግባባው በሱ ነው። «በአቋራጭ አስገባሃለሁ» የሚል ደላላ ከመጣ ግን እንዳትሰማው!