ከሞርሳው አጠገብ፦ ከጅማ ለደረሱን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በዚህ እትም የምንመልሳቸው አራት ጥያቄዎች ሁሉም ከጅማ የተላኩ ናቸው። ጠያቂዎቻችን ብረት ሥራን መተዳደሪያ ሳይሆን የትርፍ ጊዜ ፍቅር ያደረጉ በመሆናቸው፣ መልሶቹም የተዘጋጁት ሞርሳ (ሥራውን ቆንጥጦ የሚይዝ መያዣ)፣ ሞረድ፣ ትራፓኖ (መብሻ)፣ ዕድል ከቀናውም አንዲት አሮጌ ቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን) ብቻ ያለውን ሰው በማሰብ ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሄርማታ ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አነስተኛ የጠረጴዛ ቶርኖ ገዝቼ፣ ታናሽ ወንድሜ በርጩማ በሚጠርብበት ክፍል አንዱን ጥግ ይዣለሁ። ክረምት በገባ ቁጥር የቶርኖው መንሸራተቻ (መቁረጫው የሚመላለስበት የብረት ገጽ) በአንድ ሌሊት ዝገት ይለብሳል። ከመኪና የወጣ የሞተር ዘይት እቀባዋለሁ፤ ማታ በላስቲክ እሸፍነዋለሁ፤ ጠዋት ደግሞ ክፍሉን በጋዝ ምድጃ አሞቃለሁ። ይህን ሁሉ እያደረግሁ ዝገቱ ለምን ይብሳል?

መልስ፦ ድካምዎን እናደንቃለን፤ ነገር ግን ከጠቀሷቸው ሦስት ጥንቃቄዎች ሦስቱም ዝገቱን የሚረዱ ሆነው አግኝተናቸዋል። ከምድጃው እንጀምር። ጋዝ ሲቃጠል ከሙቀቱ ጋር ውሃ ይፈጥራል፤ አንድ ኪሎ የቡቴን ጋዝ ተቃጥሎ ሲያልቅ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ውሃ በእንፋሎት መልክ ወደ ክፍሉ አየር ይገባል። አየሩ ቶሎ ሲሞቅ ከባዱ የቶርኖ አካል ግን የሌሊቱን ቅዝቃዜ እንደያዘ ለረጅም ጊዜ ስለሚቆይ፣ ያ እንፋሎት ቀዝቃዛውን ብረት ሲነካ እንደ ድስት ክዳን ላብ ጠብ ጠብ ይላል። በከሰል ልተካው እንዳይሉ ደግሞ እንለምንዎታለን፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ጭስ ምን እንደሚያደርግ ለጅማ ሰው መንገር አያስፈልግም።

ላስቲኩም ከሥሩ የገባውን እርጥበት አፍኖ ይይዛል እንጂ አያስወጣም። በሞተር ውስጥ ያገለገለ ዘይት ደግሞ ከቃጠሎ የመጣ አሲድና ደቃቅ የብረት ብናኝ የተሸከመ በመሆኑ፣ ለበር ማጠፊያ ካልሆነ በቀር በትክክል ተልጎ ለተሠራ መንሸራተቻ የሚገባ አይደለም።

አራተኛውን ምክንያት እርስዎ እንደ ችግር አልቆጠሩትም፤ እኛ ግን ዋነኛው እርሱ ይመስለናል። የወንድምዎ የዋንዛ ብናኝ በቶርኖው ላይ ሲያርፍ የቀቡትን ዘይት እየመጠጠ ያደርቀዋል፤ በምትኩም ከአየሩ እርጥበት ስቦ እንደ ረጠበ ጨርቅ ብረቱ ላይ ይተኛል። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው የጅማ በርጩማ የከተማችን ኩራት ስለሆነ ወንድምዎ ሥራውን ይተው ልንል አንደፍርም። ከቆርቆሮ ወይም ከወፍራም ሸራ የተሠራ መከለያ በመካከላችሁ ቢቆም ግን ለዝምድናውም ለቶርኖውም ይበጃል። በየማታው ብናኙን በደረቅ ብሩሽ ጠርገው፣ በእጅ የነኩትን ቦታ ሁሉ በጨርቅ ወልውለው (የእጅ ላብ ጨው አለበት)፣ አዲስ ቀጭን ዘይት በስሱ ይቀቡ። ከዚያም አየር በሚያስተላልፍ የጥጥ ጨርቅ ይሸፍኑት፤ ያረጀ ጋቢ ታጥቦ ከደረቀ ከማንኛውም ላስቲክ ይሻላል። ከሽፋኑ ሥር፣ ጨርቁን እንዳይነካ በቆርቆሮ ጋርደው፣ ባለ 40 ዋት የድሮውን ዓይነት አምፖል ሌሊቱን ቢያበሩ ብረቱ ከአየሩ ጥቂት ዲግሪ ሞቆ ያድራል፤ ላብም አይዝበትም። አዲሶቹ መብራት ቆጣቢ አምፖሎች ሙቀታቸው ጥቂት በመሆኑ ለዚህ አያገለግሉም። መብራት በሚጠፋበት ሌሊት ተስፋዎ ዘይቱ ብቻ ስለሆነ መቀባቱን በአምፖሉ ተማምነው አይተዉት።

እስካሁን የወጣውን ዝገት በነጭ ጋዝ በተነከረ ደቃቅ የብረት ሱፍ ያንሱት። የብርጭቆ ወረቀት ግን አያስጠጉ፤ የሚረግፈው አሸዋ በመንሸራተቻው መካከል ገብቶ ከዝገቱ የከፋ ጉዳት ያደርሳል።

ጥያቄ፦ ከአሮጌ የአይሱዙ ባሌስትራ (የመኪና ሞላ) መሮ ሠርቼ፣ በከሰል አግዬ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነከርሁት፤ ጫፉ ተሰነጠቀ። ሁለተኛው ሳይሰነጠቅ ቢወጣም በመጀመሪያው ምት እንደ ብርጭቆ ተሸረፈ። ብረቱ መጥፎ ይሆን? ከጅሬን።

መልስ፦ ብረቱን አይውቀሱት። የባሌስትራ ብረት ግሎ በዘይት ውስጥ እንዲቀዘቅዝ የተሠራ ነው፤ ውሃ ከሚገባው በላይ በፍጥነት ስለሚያቀዘቅዘው ውጩ ጠንክሮ ሲኮማተር ውስጡ ገና ስላልተከተለ ይሰነጠቃል። ሆኖም ለዓመታት በጭነት ሲወዛወዝ የኖረ ባሌስትራ በዓይን የማይታይ የድካም ስንጥቅ ሊኖረው ስለሚችል፣ ከተሰበረበት ቦታ አጠገብ ያለውን ክፍል ለመሣሪያ ባይመርጡት መልካም ነው።

በመጀመሪያ ብረቱን አቅልተው አመድ ውስጥ ቀብረው ያሳድሩት፤ በማግሥቱ ሞረድ በቀላሉ ይበላዋል። ቅርጹን ጨርሰው ሲያጠነክሩት ሙቀቱን በማግኔት ይለኩ። ብረት 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ማግኔት መሳቡን ያቆማል፤ ከዚያ ጥቂት ጨምረው፣ ለብ ባለና መሮውን በደንብ በሚያጠልቅ ዘይት ውስጥ ቀጥ አድርገው ይንከሩት። ፀሐይ ላይ የጋለ ብረት ቀለሙ ስለማይለይ ሥራውን በጥላ ይሥሩት፤ ዘይቱ ሊቀጣጠል ስለሚችልም የብረት ክዳን በእጅዎ አቅራቢያ ይኑር።

ሁለተኛው መሮዎ የተሸረፈው ከጠነከረ በኋላ ስላልለዘበ ነው። የጠነከረውን ጫፍ እስኪያበራ ድረስ ይፈትጉትና ከጀርባው በኩል ቀስ ብለው ያሙቁት፤ ቀለሙ ወደ ጫፉ ሲጓዝ ያዩታል። የገለባ ቢጫ ማለት 230 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ለመጫሪያ መርፌ ይበቃል። በመዶሻ ለሚመታ መሮ ግን ወይን ጠጅ ሆኖ ወደ ሰማያዊ እስኪያደላ፣ ማለትም 280 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ ይታገሡና ያቀዝቅዙት። መዶሻ የሚያርፍበትን ራሱን ግን ፈጽሞ አያጠንክሩ፤ ተፈናጥሮ የሚወጣው ስባሪ ዓይን ያጠፋል።

ጥያቄ፦ ነሐስ ስበሳ ፑንታው (የትራፓኖው መብሻ ጫፍ) በድንገት ነክሶ ይይዝና ሥራውን ከእጄ ይነጥቀዋል። ብረት ላይ ግን እንዲህ አያደርግም።

መልስ፦ የፑንታው ስለታም ከንፈር ለብረት ተብሎ ወደፊት ያዘነበለ በመሆኑ ለስላሳውን ነሐስ እንደ ቡሎን ጥርስ እየቆፈረ ራሱን ይስባል። ሁለቱንም ከንፈሮች በደቃቅ የስለት ድንጋይ አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ አሸት አድርገው ጠፍጣፋ ያድርጓቸው፤ ያንንም ፑንታ ለነሐስ ብቻ ለይተው ያስቀምጡ። ሥራውንም በሞርሳ እንጂ በእጅ አይያዙ።

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ስሆን የምኖረው ፈረንጅ አራዳ ነው። ሕልሜ የድሮውን የጅቡቲ ባቡር በእንፋሎት የሚሄድ አድርጌ በትንሹ መሥራት ነው። ለጊዜው ከባለ ሁለት ኢንች ጋልቫናይዝድ የውሃ ቱቦ ሁለቱን ጫፍ በታፖ (ባለ ጥርስ መክደኛ) ዘግቼ የእንፋሎት ማፍያ ሠርቻለሁ፤ ከሰል ላይ ሳስቀምጠው ከጥርሱ መካከል እንፋሎት ያፏጫል። ጓደኞቼ አደገኛ ነው ይላሉ፤ እኔ ግን የሚያፏጭ ከሆነ ግፊቱ እየወጣ ነው ብዬ አምናለሁ። የጋሼን አስተያየት እጠብቃለሁ።

መልስ፦ ጋሼ ስላልከኝ እኔም አንተ ልበልህ። ይህን ስታነብ ያ ቱቦ እሳት ላይ ካለ፣ እንዳትነካው፤ ከርቀት እሳቱን በአሸዋ አጥፍተህ ራሱ እስኪበርድ ጠብቅ። ለምን እንዲህ እንደምል በቁጥር ላሳይህ፤ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ራሱ ሊያሰላው ይችላል።

የሚያፏጨው ቀዳዳ የሚያስወጣው የተወሰነ መጠን ብቻ ነው። ከሰሉ ከዚያ በላይ እንፋሎት ካመነጨ ግፊቱ ይጨምራል፤ የግፊት መለኪያም ሆነ የደኅንነት ቫልቭ ስለሌለህ የት እንደደረሰ አታውቅም። አምስት ባር ደረሰ እንበል። የቱቦህ የውስጥ ስፋት 53 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ እያንዳንዱን ታፖ የሚገፋው ኃይል ከአንድ ኩንታል ቡና ክብደት ይበልጣል። ይህን የሚሸከመው ጥርስ ሲቆረጥ የቱቦው ግድግዳ የሳሳበት ቦታ ነው። ቱቦው በርዝመቱ የስፌት ብየዳ ያለው ከሆነም ለውሃ መስመር እንጂ ለእሳት አልታሰበም።

ከሁሉ የሚከፋው ግን እንፋሎቱ ሳይሆን ውሃው ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ጅማ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። በአምስት ባር ግፊት ሥር ያለ ውሃ ግን 157 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። ታፖው ቢፈናጠር ግፊቱ በቅጽበት ስለሚወርድ፣ ከእያንዳንዱ ሊትር ውሃ ከአሥር አንድ እጅ የሚበልጠው ወዲያውኑ ወደ እንፋሎት ይለወጥና ከ200 ሊትር በላይ ቦታ ይፈልጋል። አንድ በርሜል ሙሉ እንፋሎት ከአንዲት ቱቦ ውስጥ በዓይን ጥቅሻ ሲወጣ አስበው። በዚህ ላይ የጋልቫናይዝዱ ዚንክ በ419 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ብየዳ ላይ ደግሞ የሚወጣው ነጭ ጭሱ ሲተነፈስ እንደ ወባ የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት ያመጣል።

ሕልምህን ግን እንድትተው አልፈልግም። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው ባቡር የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር፤ ስለዚህ በአንድ አሥረኛ ከሠራኸው ሐዲድህ 10 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ ለስሌትም ይመቻል። ርዝመቱ በአሥር ሲካፈል የሚቀዘቅዘው ገጽታ በመቶ፣ ውሃውና ክብደቱ ግን በሺህ ስለሚካፈሉ፣ ትንሹ ማፍያ ከያዘው ሙቀት አንጻር ከትልቁ እጅግ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ትልቁን ማሽን እንዳለ ያሳነሱ ብዙ ጀማሪዎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ከማፍያው ሳይሆን ከሞተሩ ጀምር። ሲሊንደሩ ራሱ እየተወዛወዘ የእንፋሎቱን ቀዳዳ የሚከፍትና የሚዘጋበት ዓይነት ሞተር የተለየ ቫልቭ ስለማያስፈልገው ለመጀመሪያ ሥራ የሚወዳደረው የለም። የ12 ሚሊሜትር ፒስተን ከነሐስ ሥራለት፤ በአንድ ባር ብቻ ከአንድ ኪሎ በላይ ይገፋል። ሲሊንደሩና ደገፉ የሚፋተጉባቸው ሁለቱ ገጾች ወለል ብለው ካልገጠሙ ግን ምንም ብትነፋበት አይዞርም፤ እነርሱን ለማስተካከል አንድ ሙሉ ቅዳሜ ብታጠፋ አልባከነም። ለማስሮጥ እሳት አያስፈልግህም፦ ጎሚስታ ቤት ጠይቀህ ከኮምፕሬሰራቸው በግፊት መቀነሻ በኩል ከግማሽ እስከ አንድ ባር አየር ስጠው።

ይህ ሞተር ሳይንገጫገጭ ከሮጠ በኋላ ስለ ማፍያ እንነጋገራለን፤ ያኔም አዋቂ ባለሙያ አብሮህ ሊቆም ይገባል። ግድግዳው ከመዳብ ይሆናል፤ መጋጠሚያውም ብር ባለው ዘንግ ይበየዳል። የራዲዮ ጠጋኞች ሊድ (ሽቦ የሚያጣብቁበት ቀላጭ ብረት) በ183 ዲግሪ መቅለጥ ስለሚጀምር ለማፍያ አይታሰብም። እሳት ከማየቱ በፊት አየር እስከማይቀርበት ድረስ በቀዝቃዛ ውሃ ተሞልቶ፣ ሊሠራበት ከታሰበው ግፊት እጥፍ በእጅ ፓምፕ ይፈተናል። ውሃ ስለማይታመቅ ድክመት ቢኖር ይንጠባጠባል እንጂ አይፈነዳም። የደኅንነት ቫልቭ፣ የግፊት መለኪያና የውሃውን ከፍታ የሚያሳይ መስታወት ሳይኖሩት ደግሞ ክብሪት አይጫርበትም።

የገዛኸውን ቱቦ ታፖዎቹን ፈትተህ በአራት ቁረጠውና የሞርሳ ጠረጴዛህ እግር አድርገው፤ ለዚያ ጠንካራ ነው።