መልስ፦ ክፍል ሳልቀር ለምን ቢ ተሰጠኝ?

«አንድም ቀን ሳልቀር፣ አሳይመንቱን ሁሉ አስገብቼ እንዴት ቢ ይሰጠኛል?» ላልከው፦ ወንድሜ፣ መገኘትማ ግዴታህ ነው። ኤ የሚያሰጠው ወረቀቱ ላይ የታየው ችሎታ ነው። መጀመሪያ የፈተና ወረቀትህን ጠይቀህ እይ። ቀመሩን በትክክል ጽፈህ፣ «ለምን?» ሲባል ባዶ የተውከው ቦታ ካለ ነጥቡ የሄደው እዚያ ነው። የድምር ስህተት ካገኘህ ግን ዝም አትበል፣ መብትህ ነው።

ኤ ለብዙ ሰው እየተሰጠ መርከሱስ እውነት ነው። የአሜሪካው ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ በ2004 እ.ኤ.አ. የኤ ድርሻ ከ35 በመቶ በታች እንዲሆን ወስኖ ነበር፤ በ2014 ተወው። ኮታ ለእኔም አይጥመኝም፤ ጎበዝ የበዛበት ክፍል ይበደላል። ግን ኤ ለሁሉም ከታደለ የለፋው ምኑን ያሳያል?

ለሚቀጥለው ሴሚስተር ከሚድ በፊት መምህሩ ቢሮ ሂድና ሙሉ ነጥብ የሚያሰጥ መልስ ምን እንደሚመስል ጠይቀው።