ብሎኑን ከመንካትዎ በፊት ጨረሩን ይጠይቁት

«በቅንጣት ማፍጠኛችን፣ በሌዘር ትራከር (ቦታን በሌዘር በሚለካ መሣሪያ) ስንለካቸው ኳድሩፖሎቹ (የቅንጣቶቹን ጨረር የሚሰበስቡት ማግኔቶች) ሁሉ ከ0.1 ሚሊ ሜትር ባነሰ ልዩነት ቦታቸው ላይ ናቸው፤ ጨረሩ ግን አንድ ማግኔት ጋ ሲደርስ ወደ ላይ ይገፋል። ማግኔቱን ላንቀሳቅሰው?» ላሉት ጠያቂያችን፦ ገና ነው፣ አይንኩት።

ሌዘሩ የሚነግርዎ ብረቱ የት እንዳለ ነው። ጨረሩ የሚያውቀው ደግሞ የማግኔት መስኩን መሃል ብቻ ነው። በኳድሩፖል መሃል መስኩ ዜሮ ሆኖ፣ ከዚያ በራቁ መጠን ይጨምራል። ጭማሪው በሜትር 20 ቴስላ ከሆነ 0.1 ሚሊ ሜትር መራቅ 2 ሚሊቴስላ ያመጣል፤ እንዲሰበስብ የተተከለው ማግኔት ጨረር ማጠፍ ጀመረ ማለት ነው።

ስለዚህ የዚያን ማግኔት የኤሌክትሪክ ጅረት ብቻ በሁለት በመቶ ያህል ከፍና ዝቅ እያደረጉ ከእሱ ወዲያ ያሉትን የጨረር ቦታ ጠቋሚዎች ይመልከቱ። ጨረሩ በመሃል ካለፈ ንቅንቅ አይልም። ከተነቃነቀ፣ ከእሱ በፊት ባለው አራሚ ማግኔት (የጨረሩን አቅጣጫ በሚያቃና ትንሽ ማግኔት) ጥቂት በጥቂት እየገፉት የሚረጋበትን ነጥብ ይፈልጉ። ያኔ አጠገቡ ያለው ጠቋሚ ዜሮ ካላነበበ ስህተቱ የጠቋሚው ነው፤ ቁጥሩን መዝግበው ይያዙ። እኔ ባየሁት፣ ከማግኔቱ ይልቅ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እሱ ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት ተዋርጄ ነው። አንድ ማግኔት በመግቢያው ጫፍ 0.2 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ተለካና ያንን ጫፍ ዝቅ አደረግነው። በማግስቱ አራሚው ማግኔት ከለመደው በላይ ጅረት ይፈልግ ጀመር። ወርጄ ስፈትሽ፣ 38 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት፣ የትራከሩን ሌዘር የምትመልሰው አንጸባራቂ ሉል የምትቀመጥበት ጎድጓዳ ውስጥ ከጤፍ ፍሬ የማትበልጥ የቀለም ቅርፊት ተለጥፋለች። ለካ ከፍ ያለችው ሉሏ ኖራለች! ጠርጌ እንደገና ብለካ፣ ምስኪኑ ማግኔት ያለ ጥፋቱ ዝቅ ብሏል።

ሙቀቱንም አይርሱ። ብረት በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በእያንዳንዱ ሜትር 12 ማይክሮን ያህል ይረዝማል፤ ማቀዝቀዣ ውሃው ሳይረጋ የተለካውን እኔ አላምነውም። በአውሮፓው የቅንጣት ምርምር ማዕከል በሰርን የነበረው 27 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለው ማፍጠኛ ሌፕ በጨረቃ ስበት አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ሲሰፋና ሲጠብ ታይቷል። እርስዎ ጋ ግን ጨረቃን ከመጠርጠር በፊት የማፍጠኛው ዋሻ በር ተከፍቶ አድሮ እንደሆነ ይጠይቁ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ማንቀሳቀሱ የግድ ከሆነ፣ በሁለቱም ጫፍ ባለ መርፌ መለኪያ ይትከሉ። ብሎኑ ሲጠብቅ ማግኔቱን ይዞት ይሄዳልና፣ የመጨረሻውን ንባብ የሚወስዱት ካጠበቁ በኋላ ነው።