መልስ፦ ትከሻው ልክ ሆኖ ጎኑ የሰፋ ሸሚዝ

ሸሚዙ ትከሻዬ ላይ ልክ ነው ጎኑ ግን ሰፋብኝ፣ ቤት ውስጥ ማጥበብ እችላለሁ ወይ ላልሽው አዎ በደንብ ትችያለሽ። ትከሻው ልክ መሆኑ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፣ ትከሻ ማስተካከል እጅጌውን ፈትቶ እንደገና መግጠም ስለሚፈልግ ለጀማሪ አልመክረውም።

መጀመሪያ እጠቢውና ተኩሺው፣ በተለይ ጥጥ ከሆነ በኋላ ሲታጠብ ሊሰበሰብ ይችላል፣ ያኔ ልፋትሽ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ከዛ ገልብጠሽ ልበሺውና ቁልፉን ቆልፈሽ ግራና ቀኙን እኩል ቆንጥጠሽ በስፒል ያዢው፣ ሰው ቢያግዝሽ ደግሞ በጣም ጥሩ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ ቆሞ ብቻ አይቶ ያጠባል። ስፒሉ እንዳይወጋሽ ቀስ ብለሽ ተቀመጪ፣ እጅሽን ወደፊት ዘርጊ፣ ጎንበስ በይ፣ ጀርባሽን ከያዘሽ አላዪው። ደግሞ በአንድ ጎን 2 ሳንቲ ሜትር ስትቆነጥጪ ጨርቁ እጥፍ ስለሆነ የሚቀንሰው 4 ነው፣ በሁለቱም ጎን 8 ማለት ነው!

አውልቀሽ በጠመኔ አስምሪ፣ መስመሩ ብብቱ ጋ ከድሮው ስፌት ጋር ቀስ ብሎ ይገናኝ፣ ድንገት ከታጠፈ ይጨማደዳል። በእጅሽ ሰፋ ሰፋ አድርገሽ ስፊውና እንደገና ለክተሽ ካየሽ በኋላ ነው በመኪና የምትሰፊው። እባክሽ ትርፉን ጨርቅ ቶሎ አትቁረጪው፣ ጥቂት ቀን ለብሰሽ ከተመቸሽ 1.5 ሳንቲ ሜትር ያህል አስቀርተሽ ቁረጪና እንዳይተረተር ጠርዙን ዚግዛግ ስፊው።