የአንባቢያን ጥያቄ፦ በታሪክ ላልነገሠ የቻይና ንጉሥ የዘመን ስም ማውጣት

(ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ጥያቄ፦ ልብወለድ እየጻፍኩ ነው። መነሻው በ1402 ዋና ከተማዋ ናንጂንግ ባትወድቅ፣ የሚንግ ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት ጂየንዌን ያመፁባቸውን አጎታቸውን የያንን ልዑል አሸንፈው ቢቀጥሉስ የሚል ነው። አባቱን ለሚተካው ለአልጋ ወራሹ ዡ ዌንኩዊ የዘመን ስም ለማውጣት ደስ የሚሉ ቃላትን ሁለት ሁለት እያደረግሁ አጣመርኩ፤ ሁሉም የውሸት ይመስሉኛል። እንዴት ልምረጥ?

መልስ፦ ቃል ከመምረጥዎ በፊት አዲሱ ቤተ መንግሥት ስላለፈው ዘመን ምን ማለት እንደሚፈልግ ይወስኑ። የዘመን ስም እንደኛ ነገሥታት ስመ መንግሥት ለሰውየው የሚሰጥ መጠሪያ አልነበረም፤ የዓመታቱ ስም ነው። በየውሉ፣ በየደብዳቤው፣ በሳንቲሙም ላይ ስለሚሰፍር አገር ሁሉ ያነበዋል።

ከሚንግ በፊት የነበረው የሶንግ ሥርወ መንግሥት ነገሥታት በዚህ የተካኑ ነበሩ። ዠዞንግ በ1094 የአባታቸውን የሸንዞንግን የለውጥ ሥራ ሊመልሱ ሲነሡ ዘመኑን ሻውሸንግ አሉት፤ የጠቢቡን ፈለግ መከተል ማለት ነው። ወንድማቸው ሁዊዞንግ ለውጡን በሚደግፉትና በሚቃወሙት መካከል እርቅ ሲፈልጉ የ1101ን ዓመት ጂየንጆንግ ጂንግጉዎ ብለው ሰየሙ፤ መካከለኛውን መንገድ ማቆም፣ አገርን ማርጋት እንደማለት። በዓመቱ እርቁን ሲተዉት ቾንግኒንግ መጣ፤ ትርጉሙ የአባታቸውን የሺኒንግን ዘመን ማክበር ነው። ሦስቱን ስሞች ተከታትሎ ያነበበ ሰው የቤተ መንግሥቱን ፖለቲካ ያውቃል።

በሚንግም በ1521 ሹማምንቱ ገና ልጅ ለነበሩት አዲስ ንጉሥ ሻውዢ የሚል ስም አቀረቡ፤ ሆንግዢን መቀጠል ማለት ነው። ሆንግዢ አጎታቸው ነበሩ። ልጁ ንጉሥ ስሙን ቢቀበሉ የአጎታቸው ልጅ ሆነው እንደነገሡ ሊቆጠር ነው፤ እርሳቸው ግን የገዛ አባታቸው ልጅ ሆነው መቅረት ፈለጉ። ስለዚህ ሻውዢን ጥለው ከጥንታዊው የሰነዶች መጽሐፍ የተወሰደውን ጂያጂንግን መረጡ። የእርስዎም ልብወለድ እንዲህ ያለ ትዕይንት ቢኖረው በጣም ይጠቅመዋል፤ ሹማምንቱ ሦስት አራት ስም ያቅርቡ፣ ንጉሡ አንዱን ያንሣ፣ የተጣሉትም ስሞች ይታወሱ።

ወደ ዌንኩዊ እንምጣ። የሚንግ መሥራች የዡ ዩዋንጃንግ የዘመን ስም ሆንግዉ «ታላቅ ጦረኛነት»፣ ጂየንዌን ደግሞ «የብዕርን ሥልጣኔ ማቆም» ነው፤ አያትና የልጅ ልጅ በስማቸው ተቃራኒ ቆመዋል። ሻውዉ፣ ማለትም ሆንግዉን መቀጠል፣ ያምራል፤ ነገር ግን ልጁ አባቱን ዘሎ ቅድመ አያቱን ያዘ ያሰኛል። አባቱን ለማክበር ዌን የሚለውን ፊደል እንዳይደግሙ፣ በራሱ ስም ውስጥ አለ። ዩዋን የሚለውም አይሆንም፤ የመሥራቹ የዡ ዩዋንጃንግ ስም ነው፤ ከሚንግ ነገሥታት አንዱም በዘመን ስሙ አላስገባውም። ሰላምን ለማመልከት ቶሎ ትዝ የሚለው ጂንግ («ማርጋት») ደግሞ እዚህ ታሪክ ውስጥ መርዝ ነው፤ የያን ልዑል ዐመፁን «ጂንግናን»፣ ሁከትን ማርጋት፣ ብለው ነበር የጠሩት። ጂያጂንግ ይህን ፊደል ቢጠቀሙ አያስደንቅም፤ የልዑሉ ዘር ናቸው። እኔ ብሆን ከቼንግዢ እጀምራለሁ፤ መልካም አስተዳደርን መረከብ ማለት ነው፣ የአባቱን ሥራ ያወድሳል፣ የጦርነቱን ቁስል አይነካም።

ቀጥሎ ስሙ ከዚህ በፊት አለመያዙን ያጣሩ፤ የትናንሽ መንግሥታትና የዐመፀኞች ስምም ሳይቀር። ሻውሺን ቢመርጡ የሶንጉ ጓንግዞንግ ከ1190 እስከ 1194 ይዘውታል። እውነተኞቹም ነገሥታት እዚህ ላይ ወድቀዋል፦ የያን ልዑል ከነገሡ በኋላ የያዙትን ዮንግለ የሚለውን ስም በሶንግ ዘመን ዐመፀኛው ፋንግ ላ በ1120 ተጠቅሞበት ነበር። የሶንግ መሥራች በ963 ማንም ያልያዘው መስሏቸው ቺየንደ አሉ፤ ሹ የተባለው ግዛት ከተያዘ በኋላ «ቺየንደ አራተኛ ዓመት» የሚል ጽሑፍ ያለበት አሮጌ መስታወት መገኘቱ ይተረካል፤ ለካ ቀደም ሲል በሹ የነገሠ ሌላ መንግሥት ተጠቅሞበት ኖሯል። እንዲህ ያለ ስሕተት ሆን ብለው ካስገቡት ለልብወለዱ ሀብት ነው።

የልጅ ልጆችንም ስም አሁኑኑ ይወስኑ፣ ኋላ ከዘመን ስም ጋር እንዳይጋጭ። ሆንግዉ ለዚህ ዘር የትውልድ ፊደላቱን (የአንድ ትውልድ ልጆች በስማቸው የሚጋሩትን) ቅደም ተከተል በግጥም ትተዋል፦ ዩን፣ ዌን፣ ዙን፣ ዙ፣ ሹን። የእያንዳንዱ ስም የመጨረሻ ፊደል ደግሞ እንደየትውልዱ እንጨት፣ እሳት፣ አፈር፣ ብረት፣ ውሃ እያለ የሚዞር ምልክት ይይዛል። ዌንኩዊ የአፈር ነው፤ ስለዚህ ልጁ «ዡ ዙን» ብሎ ይጀምርና የብረት ምልክት ባለው ፊደል ያበቃል።

የብዙዎችን ሥራ የሚያበላሸው የቀን ስሌት ነው። ንጉሥ ሲሞት ስሙ ወዲያው አይለወጥም፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ይቆያል፣ አዲሱ በቻይና አዲስ ዓመት ቀን ይጀምራል። የጂየንዌን አንደኛ ዓመት 1399 ነው፤ እንግዲህ ከአውሮፓው ዓመት 1398 ይቀንሱ። በ1420 በጋ ከሞቱ ዓመቱ ጂየንዌን 22 ነው፤ የ1421 አዲስ ዓመት ፌብሩዋሪ 2 ስለዋለ፣ በጃንዋሪ 1421 የተጻፈ ደብዳቤ ገና «ጂየንዌን 22» ይላል።

ጥያቄ፦ ጂየንዌን ራሳቸው ካሸነፉ በኋላ ስሙን ቢለውጡስ?

መልስ፦ ይችላሉ። «ለአንድ ንጉሥ አንድ ስም» የሚለው ልማድ በ1402 ገና የሆንግዉ ብቻ ነበር፤ ከዚያ በፊት ንግሥቲቱ ዉ ዘትየን ከ690 እስከ 705 ከአሥር በላይ ስሞች ቀያይረዋል። በሚንግም ዪንግዞንግ ተማርከው ከተመለሱ በኋላ በ1457 ዳግም ሲነግሡ ዤንግቶንግን ትተው ትየንሹን አሉ። እኔ ግን ባይለውጡ እመርጣለሁ፤ ድል ያደረገ ሕጋዊ ንጉሥ ስሙን ከቀየረ ያለፉትን ዓመታት ራሱ እንደመሰረዝ ነው። በእውነተኛው ታሪክ ይህን ያደረጉት አጎታቸው ናቸው፦ የጂየንዌንን ዓመታት ፍቀው 1402ን «ሆንግዉ 35» አሰኙት። በእርስዎ ታሪክ ተሸናፊዎቹ ተደብቀው «ሆንግዉ 35» እያሉ ቢጽፉ ያን ወረቀት መያዝ ብቻ ወንጀል ይሆናል።

ጥያቄ፦ ባለሟሎቹ ንጉሡን «ጂየንዌን» ብለው ሊያናግሯቸው ይችላሉ?

መልስ፦ አይችሉም። ፊት ለፊት «ግርማዊ» ይበሉ። ከሞቱ በኋላ በቤተ መቅደስ ስማቸው (እንደ ዠዞንግና ሁዊዞንግ ላለው፣ ለሞተ ንጉሥ በሚወጣው ስም) ይጠሩ፤ እርሱንም ለብቻው ማውጣት ይኖርብዎታል።