የድሮ ፕላን ለአዲስ ቦታ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ኮምፒውተር ከቀደመ ሥራ ተነስቶ፣ የተሰጡትን ገደቦች እየፈተሸ አዲስ ዲዛይን ስለሚያወጣበት ዘዴ ጥያቄዎች ደርሰውኛል። ጥቂቶቹን እነሆ።

ገደቦቹን ሁሉ ከነገርነው የድሮ ሥራ ምን ያደርግለታል? ከዜሮ አይጀምርም?

ይጀምራል፤ ግን ምርጫው ብዙ ነው። 20 ውሳኔ ቢኖርና ለእያንዳንዱ 10 አማራጭ ቢኖረው፣ 1 ጽፈው 20 ዜሮ የሚደረድሩለት ያህል ጥምረት ይወጣል። ጎበዝ ፕሮግራም አብዛኛውን ሳያይ ይዘለዋል፣ እሺ። የባሰው ግን ማንም ያልጻፈው ገደብ ነው። የሽንት ቤት በር ከሳሎኑ ሶፋ ፊት ለፊት እንዳይከፈት ለኮምፒውተሩ መንገር ትዝ የሚለው ማን ነው? ሰው የኖረበት ቤት ፕላን ይህን ሳይናገር ይዞታል።

ቦታዬ ጠበብ ይላል። የድሮውን ፕላን በልኩ ማሳነስ አይበቃም?

በቁጥር እንየው። የድሮው ቤት ወርዱ 10 ሜትር ነው እንበል፦ ሳሎን 4.5፣ ኮሪደር 1.5፣ መኝታ ቤት 4። የግድግዳውን ውፍረት ለጊዜው እንርሳው። የእርስዎ ቦታ 8.8 ነው። ሳሎኑ ከ4፣ ኮሪደሩ ከ1.2፣ መኝታ ቤቱ ከ3 እንዳያንስ ይፈልጋሉ። ሁሉንም እኩል ቢቀንሱ ሳሎኑ 3.96 ይሆናል፤ በ4 ሳንቲ ሜትር ወደቀ! ገደብ የሚያውቅ ፕሮግራም ግን ሳሎኑን 4 ላይ ያቆመውና ኮሪደሩን 1.2፣ መኝታ ቤቱን 3.6 ያደርጋል። አለቀ።

ቦታው 8 ሜትር ቢሆንስ? ትንሹ ድምር 8.2 ስለሆነ ልክ በመቀያየር አይሆንም። ፕሮግራሙ ይህን ወዲያው ይነግርዎታል፤ ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው። ያኔ ኮሪደሩን ማስቀረት ወይም ሌላ ፕላን መፈለግ ግድ ነው። በስዊዘርላንድ ሎዛን ፖሊቴክኒክ በ1990ዎቹ የተሠራው ካድሬ የተባለው የሕንፃ ዲዛይን ፕሮግራም ልክን መቀየርንና አቀማመጥን መቀየርን ለያይቶ የሚያየው ለዚህ ነው።

ከሁለት የድሮ ሥራዎች ግማሽ ግማሽ ወስዶ መግጠምስ?

ይቻላል፣ ግን ይጣላሉ። ተመራማሪዎቹ ሊዛ ፐርቪስና ፐርል ፑ ኮምፖዘር በተባለው ፕሮግራማቸው የሞከሩት ይህንኑ ነው። ከድሮ ሥራዎች የተወሰዱት ምርጫዎች መነሻ ይሆናሉ። ከዚያ ፕሮግራሙ ከሌላው ጋር የተጋጨ አንድ ነገር ያነሳል፣ ግጭቱን በጣም የሚቀንስለትን አማራጭ ይሰጠዋል፣ እንደገና ያያል። የዚህ ጥገና ዘዴ መነሻው የሃብል ቴሌስኮፕን የምልከታ መርሐ ግብር ለማውጣት የተሠራ ፕሮግራም ነው። ከድሮ ሥራ የተወሰዱት ምርጫዎች ጥሩ ከሆኑ ቶሎ ይጨርሳል። ይህ የጥገና ዘዴ ግን ጉድለት አለው፦ መፍትሔ ከሌለ «የለም» ማለት አይችልም፤ ዝም ብሎ ይዞራል። ስለዚህ ስንት ጊዜ እንደሚሞክር ልክ ይኑርለት፣ ካልሆነለት አማራጮቹን ሁሉ የሚፈትሽ ፕሮግራም ይረከበው።

ይሄ ኩረጃ አይደል?

የራስዎን የድሮ ሥራ ከሆነ አይደለም። የሌላ ሰው ከሆነ ባለቤቱን ያስፈቅዱ።

የተስተካከለውን ፕላን መልሼ ላስቀምጠው?

ያስቀምጡት፣ ግን ተሠርቶ ከታየ በኋላ። ሳሎኑ 4 ሜትር ላይ ለምን እንደቆመም አብረው ይጻፉ። አለዚያ ቀጣዩ ሰው 20 ሜትር ቦታ ይዞም 4 ሜትሯን አይነካትም።