ጀሪካኗን ያጠፋሁት ሰውዬ መልስ ስለ ውድድር ፎቶ ኤዲት

ሰላም እህቴ፣ "የጣና ፎቶዬን ለቡድናችን ውድድር ላስገባ ነው፣ ሳልነካው ሙት ሆኖ ይታየኛል፣ ስነካካው ደግሞ የውሸት ይመስላል፣ ኤዲት የት ላይ ነው የሚቆመው?" ብለሽ የጠየቅሽውን ትናንት ማታ ነው ያየሁት። ግማሹ ሰው ኤዲት ማጭበርበር ነው አለሽ፣ ግማሹ ደግሞ ፕሪሴት (ተዘጋጅቶ የተቀመጠ የኤዲት ቅንብር) ጫኚበትና ተገላገዪ አለሽ፣ እኔ ሁለቱም አልተዋጠልኝም። እኔ ባለሙያ አይደለሁም እንጀራዬ ሌላ ነው፣ ግን እዚህ ባህር ዳር ካሜራ ይዤ ስንከራተት ስድስት ዓመት ሆነኝ፣ በኤዲት እንደኔ የተዋረደ ደግሞ ያለ አይመስለኝም።

የመጀመሪያ ውድድሬ ላይ ያስገባሁት የታንኳ ፎቶ ነበር። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ጭጋጉ ውሃው ላይ ተኝቶ አንድ ሰውዬ ከዘጌ በኩል እንጨት ጭነው ሲቀዝፉ አገኘኋቸው፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው ያነሳሁት። ቤት ገብቼ ሳየው ከእንጨቱ ኋላ አንዲት ቢጫ ጀሪካን አለች። አስጠላችኝ፣ ባህላዊ ፎቶዬን አበላሸችብኝ አልኩና በማጥፊያው ጠረግ ጠረግ አድርጌ አጠፋኋት። ከዛ ጭጋግ የሚገፈውን ዲሄዝ ጎተትኩት ጭጋጉ ተገፈፈ፣ ጠርዙን የሚያጎላውን ክላሪቲ ጨመርኩ፣ ቀለም የሚያደምቀውን ሳቹሬሽን ጨመርኩ፣ ሰማዩ ሚሪንዳ መሰለ፣ እኔም ተደሰትኩ።

ዳኛችን ድሮ ፎቶ ቤት የነበራቸው አንድ ጋሼ ነበሩ። ህትመቱን ወደ መስኮቱ አስጠግተው አዩት አዩትና "ልጄ፣ ይቺ ውሃው ላይ ያለችው ቢጫ ነገር የምንድን ናት?" አሉኝ። ጀሪካኗን አጥፍቼ ነጸብራቋን ረስቼዋለሁ በቃ! ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም፣ ቀጥለው በታንኳው ሰውዬ ጭንቅላት ዙሪያ ያለችውን ነጭ መስመር በጣታቸው እየተከተሉ "እኚህ ደግሞ ከኡራ ኪዳነ ምህረት ግድግዳ ላይ የወረዱ ናቸው?" አሉ፣ የዘጌው ገዳም ግድግዳ ላይ አክሊል ተደርጎላቸው የተሳሉትን ቅዱሳን ማለታቸው ነው። እሷ መስመር ክላሪቲና ዲሄዝ ሲበዛ ጨለማና ብርሃን በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ የምትወጣው ሃሎ ናት፣ ስልክ ላይ አትታይም፣ ትልቁ ኤ3 ወረቀት ላይ ስታሳትሚው ግን እንደ አክሊል ታበራለች። ይባስ ብሎ ከሳምንታት በኋላ ያንኑ ህትመት ለሰውዬው ወስጄ ብሰጣቸው አገላብጠው አዩትና "ጀሪካኔስ?" አሉኝ።

ከዛ ወዲህ ስላይደር (ኤዲቱ ውስጥ የሚጎተተውን መቆጣጠሪያ) ከመንካቴ በፊት "ይሄን ነገር ሳየው ለምን ቆምኩ?" ብዬ ነው የምጀምረው። ያን ቀን ያቆመኝ ጭጋጉ ነበር፣ እኔ ደግሞ መጀመሪያ የገፈፍኩት እሱን ነው። ያንቺ ፎቶ ያስቆመሽ የውሃው ጸጥታ ከሆነ ክላሪቲ ጠላትሽ ነው፣ እንዲያውም ትንሽ ቀነስ አድርጊው። ያስቆመሽ የሆነ ፊት ከሆነ ሌላውን ትተሽ ፊቱ ላይ ስሪ። ኤዲቱ ያስቆመሽን ነገር ካጎላው ይቀጥላል፣ ሌላ ነገር ማስዋብ ሲጀምር ያኔ ነው የሚቆመው። ጋሼ በፊልም ጊዜ ጨለማ ክፍል ውስጥ ወረቀቱ ላይ የሚወርደውን ብርሃን በእጃቸው እየከለሉ ፊት ያፈኩ ነበር፣ ሰማይ ሲነጣባቸው ደግሞ እዛ ላይ ብርሃኑን ያቆዩበት ነበር፣ ዛሬ ማስክ የምንለው ያው እሱ ነው፣ ስለዚህ ኤዲት ማጭበርበር ነው የሚሉሽን አትስሚ።

አሠራሩ ላይ ስመጣ፣ አድማሱን አቅኚ። ጣና ዘንበል ብሎ የሚፈስ ያስመሰለ ፎቶ ስንቱን አይቻለሁ፣ ዳኛ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ቀጥሎ ዋይት ባላንስ፣ ነጩ ነጭ እንዲመስል የብርሃኑን ቀለም ማስተካከል ማለት ነው፣ ብዙ ልጆች በጠብታዋ ምልክት ነጠላ ላይ ጠቅ ያደርጋሉ፣ ጥላ ውስጥ የተነሳ ነጠላ ከሰማዩ ብርሃን ሰማያዊ ስለሚሆን እዛ ላይ ይሠራል፣ ግን የንጋት ፎቶ ላይ ብታደርጊው ነጠላው ሲነጣ ወርቃማው ብርሃን አብሮ ይሄዳል፣ እኔ ጠቅ አደርግና ግማሽ መንገድ እመልሰዋለሁ። ዋርካ ስር የተነሳ ፊት ደግሞ ከቅጠሉ አረንጓዴ ይቀባል፣ አረንጓዴውን የሚያመጣጥነውን ቲንት ወደ ማጀንታ (ወደ ሮዝ ሐምራዊው) ትንሽ ገፋ ማድረግ ነው።

ጥምቀት ላይ የሚነሱ ፎቶዎች ሁሌ የሚሞቱት በነጠላ ነው። ካሜራው ፊቱን አይቶ ሲያበራ ነጠላው ይቃጠላል፣ የተቃጠለ ነጭ ውስጥ ደግሞ ምንም መረጃ ስለሌለ ሃይላይት (የደማቁን ክፍል ስላይደር) ብትጎትቺ ግራጫ ጨርቅ ነው የምታገኚው፣ ጥለቱ እንኳ አይመለስም። ስለዚህ ለነጠላው ብለሽ አጨልመሽ አንሺና ፊቱን በኋላ በሻዶው (በጨለማው ክፍል ስላይደር) አውጪው። ለዚህ ደግሞ ሮው (ካሜራው ያየውን እንዳለ የሚያስቀምጥ ጥሬ ፋይል) ያስፈልግሻል፣ የተለመደው የፎቶ ፋይል ጄፔግ በአንድ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ነው ያለው፣ 14 ቢት ሮው 16,384፣ ጄፔጉን ስትጎትቺው ሰማዩ ደረጃ ደረጃ እየሆነ የሚሰነጣጠቀው ለዛ ነው። ስልክሽም ሮው የሚያነሳ ከሆነ ተጠቀሚበት። ቀለም ላይ ሳቹሬሽንን እርሺው፣ ሁሉንም እኩል ነው የሚያጋግለው፣ ቫይብራንስ ግን የደበዘዙትን ቀለሞች እየመረጠ ስለሚያነሳ የሰው ፊት ብርቱካን አይሆንብሽም።

የቀለም ነገር ካነሳሁ፣ አንዱ ልጅ የነሐሴን ጢስ ዓባይ ጥርት ያለ ሰማያዊ አድርጎ አመጣልን! ክረምት ላይ ውሃው አፈር ተሸክሞ ቡና መስሎ እንደሚወርድ የማያውቅ ሰው እዚህ ከተማ ውስጥ አለ? ደሞ ፎቶው ሳይነካ ያምር ነበር።

በኤአይ ማጥፋት ይቻላል ወይ ላልሽው፣ የውድድሩን ደንብ አንብቢ፣ ምድቡ ይወስነዋል። ፈጠራ ምድብ ከሆነ እንደፈለግሽ፣ ዘገባ ወይም ተፈጥሮ ከሆነ ብርሃንና ቀለም ማስተካከል እንጂ ነገር መጨመርና መቀነስ የለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ወርልድ ፕሬስ ፎቶ በሚባለው ዓለም አቀፍ የዜና ፎቶ ውድድር ላይ አንድ አሸናፊ ከጀርባ ያለች የሰው እግር ጫፍ ስላጠፋ ብቻ ሽልማቱን ተነጥቋል፣ በ2015 ደግሞ ወደ መጨረሻው ከተጠጉት ፎቶዎች 20 በመቶው በእንዲህ ዓይነት ነገር ወድቀዋል። ዋናውን ፋይል ስለሚጠይቁ ነው የሚያዙት፣ የኛም ቡድን ዘንድሮ እየጠየቀ ነው፣ ሮውሽን እንዳትሰርዢ። በ2024 ደግሞ ተገላቢጦሹ መጣ፣ አንዱ እውነተኛ የፍላሚንጎ ፎቶ ኤአይ ምድብ ውስጥ አስገብቶ አሸነፈና እውነተኛ ሆኖ ስለተገኘ ተሰረዘ፣ እኔ ይሄን ሳነብ ብቻዬን ስስቅ ነበር።

ኤዲቱን ስትጨርሺ አሳድሪው። ማታ አምፖል ስር የሠራሽው ጠዋት ስታዪው ግማሹን ትመልሺዋለሽ። የስልክሽን ብራይትነስ ወደ ግማሽ አውርደሽ እዪው፣ ሙሉ ላይ ሆነሽ ከሠራሽ ህትመቱ ጨልሞ ነው የሚመጣው፣ እኔ ሁለቴ ገንዘቤን በልቶብኛል። ለኤ3 በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 3508 በ4961 ፒክስል ያስፈልጋል፣ ብዙ ክሮፕ ካደረግሽ (ጠርዙን ከቆረጥሽ) አይደርስም፣ ኤክስፖርት ስታደርጊ ኤስአርጂቢ የሚባለውን የቀለም ዓይነት ምረጪ። ማተሚያ ቤት በቴሌግራም ስትልኪ ደግሞ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኪው፣ አለዚያ ጨፍልቆ ነው የሚያደርሰው። ከፈለግሽ ሳታሳትሚው በፊት ሮውና ኤዲቱን ሁለቱንም በውስጥ ላኪልኝ፣ ነጸብራቅ ነጸብራቁን አይልሻለሁ።